በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ለመጣ ልጅ የዜግነት ማስረጃ እንዴት ይወጣል? ከግሪን ካርድ እስከ ሰርተፊኬት

ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የመጡት ልጆች አሁን አድገዋል። የኢትዮጵያ ፓርላማ በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ ካስቀረ ወዲህ አዲስ የሚመጣ ልጅ እምብዛም ነው። ያኔ በእቅፍ የገቡት ግን ዛሬ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ፣ ኮሌጅ የሚያመለክቱ፣ ሥራ የሚጀምሩ ሆነዋል። በየደረሱበትም አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ ዜጋ ለመሆንህ ማስረጃህ የት አለ?

ብዙ ወላጆች «የአሜሪካዊ ልጅ ስለሆነ በሕግ ዜጋ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። ዜግነቱን የሚሰጠው ሕጉ ነው፤ ወረቀቱ ግን ካልጠየቁት አይመጣም። ወረቀት የሌለው ዜጋ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ እንደ ውጭ አገር ሰው ይታያል። ይህ መመሪያ የሚሠራው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልጁ ዜጋ የሆነበትን ቀን ይፈልጉ

ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ልጄ ዜጋ የሆነው በየትኛው ቀን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ቀን በጣትዎ መጠቆም ከቻሉ የቀረው ሥራ ወረቀት ማቅረብ ብቻ ነው።

ሕጉ በ2000 የወጣው የሕፃናት ዜግነት ሕግ ሲሆን የጸናው ከፌብሩዋሪ 27፣ 2001 ጀምሮ ነው። የሚጠይቃቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ የአሜሪካ ዜጋ መሆን (በትውልድም ሆነ በኋላ በማመልከት)፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን፣ በቋሚ ነዋሪነት (በግሪን ካርድ) ገብቶ አሜሪካ ውስጥ መኖር፣ እንዲሁም ዜጋ በሆነው ወላጅ ሕጋዊ የማሳደግ መብት ሥር ሆኖ ከእሱ ጋር መኖር። የጉዲፈቻ ልጅ ሲሆን በዚህ ላይ ጉዲፈቻው በመጨረሻ ውሳኔ የጸደቀና የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚቀበለው ዓይነት መሆን አለበት።

የሚቀድመው የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም። ወሳኙ ልጁ 18 ሳይሞላው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሟልተው መገኘታቸው ነው። የመጨረሻው መስፈርት የተሟላበት ቀን ልጁ ዜጋ የሆነበት ቀን ነው። ይህን ቀን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ፋይሉ ፊት ለፊት ለጥፉት፤ በየቅጹ ላይ ትጠየቃላችሁ።

ቀኑን ለማወቅ ልጁ በምን ዓይነት ቪዛ እንደገባ ይመልከቱ። የቪዛው ምልክት በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ውስጥ በተለጠፈው ቪዛ ወይም በግሪን ካርዱ ላይ «ካቴጎሪ» በሚለው ሥር ተጽፏል።

*አይአር-3።* ጉዲፈቻው ኢትዮጵያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልቋል ማለት ነው። ልጁ 18 ሳይሞላው ከወላጆቹ ጋር ለመኖር የአሜሪካን መግቢያ ባለፈበት ቀን ዜጋ ሆኗል። ከጃንዩዋሪ 2004 ጀምሮ በዚህ ቪዛ ለሚገቡ ልጆች የዜግነት ሰርተፊኬቱ ያለ ማመልከቻ በፖስታ ይላካል። ከዚያ በፊት የገቡት ማመልከት አለባቸው። በዚህ መንገድ ያልደረሰ ሰርተፊኬት ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአድራሻ ለውጥ ነው፤ ፖስታው በቪዛ ማመልከቻው ላይ ወደ ተሞላው የድሮ ቤት ሄዶ ተመልሷል።

*አይአር-4።* ጉዲፈቻው አሜሪካ ውስጥ እንዲያልቅ ወይም እንደገና እንዲጸድቅ የቀረ ነው። እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ አዲስ አበባ ሄዶ ልጁን ይዞ ከተመለሰ፣ ሁለቱም ስላላዩት ቪዛው አይአር-4 ይሆን ነበር። እዚህ ላይ ልጁ ሲገባ ቋሚ ነዋሪ እንጂ ዜጋ አልነበረም። ዜጋ የሚሆነው የስቴቱ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ባጸደቀበት ቀን ነው። የኢትዮጵያውን ውሳኔ እንዳለ የሚቀበሉ ስቴቶችም አሉ፤ ያኔ ዳግም ችሎት ላያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም የስቴት ውሳኔ በእጅ መኖሩ በኋላ የሚያተርፈው ብዙ ስለሆነ፣ ስቴቱ ባያስገድድም ዳግም ማጽደቁን እንመክራለን።

*አይአር-2 ወይም በቤተሰብ ማመልከቻ የገባ።* ይህ ብዙውን ጊዜ የእህቱን ወይም የወንድሙን ልጅ በጉዲፈቻ ያሳደገ ሐበሻ ቤተሰብ መንገድ ነው። ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው (ታናሽ ወንድሙ ወይም እህቱ በዚያው ቤተሰብ በጉዲፈቻ የተያዘ ከሆነ 18 ሳይሞላው) ጉዲፈቻው የተፈጸመ፣ ወላጁም ልጁን ቢያንስ ሁለት ዓመት በሕጋዊ የማሳደግ መብትና አብሮ በመኖር የያዘው መሆን አለበት። ወላጁ ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ ቆይቶ በኋላ ዜጋ ከሆነ፣ ከ18 በታች የሆነውና አብሮት የሚኖረው ባለ ግሪን ካርድ ልጅም ወላጁ ቃለ መሐላ በፈጸመበት በዚያው ቀን ዜጋ ይሆናል።

ዜጋ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ ቤተሰብ የሚሰበረው በዚህ ነው።

የእንጀራ ልጅ በዚህ ሕግ ዜጋ አይሆንም። እናቷ ያገባችው ሰው ልጅቷን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጓት፣ ግሪን ካርዷንም በእሱ ስም አግኝታ ሊሆን ይችላል። በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ካልወሰዳት የእሱ ዜግነት ወደ እሷ አያልፍም። እናቷ ራሷ ዜጋ ከሆነች ግን በእናቷ በኩል ታገኛለች።

ሞግዚትነት ጉዲፈቻ አይደለም። አያት ወይም አጎት በፍርድ ቤት ሞግዚት ተብሎ ቢሾም፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይቀበሉታል እንጂ ለዜግነት አይረዳም።

በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ መጥቶ አሜሪካ ውስጥ በጉዲፈቻ የተያዘ ልጅ ግሪን ካርድ እስካላገኘ ድረስ ዜጋ አይደለም። የስቴት ፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻውን የኢሚግሬሽን ወረቀት አይሆንም።

በአይአር-4 ገብቶ ጉዲፈቻው 18 እስኪሞላው ሳያልቅ የቀረ ልጅም እንዲሁ። ይህ ሰው ዛሬም ቋሚ ነዋሪ ነው። ግሪን ካርዱን ማደስ፣ ከዚያም እንደማንኛውም ነዋሪ ዜጋ ለመሆን በሚሞላው ቅጽ፣ በኤን-400፣ ማመልከት ይኖርበታል። እስከዚያው ድምፅ እንዳይሰጥ፣ በሥራ ቅጽ ላይም «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለውን ሳጥን እንዳይነካ በግልጽ ንገሩት። ባለማወቅ የተደረገ ቢሆን እንኳ ከባድ መዘዝ አለው። ፌብሩዋሪ 27፣ 2001 ሲደርስ 18 ዓመት የሞላቸውንም ሕጉ አያካትታቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸፋፍን እንናገር። የዘመድ ልጅ «የአብራኬ ክፋይ ነው» ተብሎ በወረቀት ገብቶ ከሆነ፣ የዜግነት ማመልከቻ መኮንኑ የድሮውን ፋይል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንዲያነብ የሚያደርግ ነው። ልብ ይበሉ፣ ምንም ቅጽ ከማስገባትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ወረቀት ማሰባሰብ

አንድ ሰፊ ፎልደር ያዘጋጁና እነዚህን ይሰብስቡ፦

- የልጁ የኢትዮጵያ ልደት ምስክር ወረቀት
- የጉዲፈቻ ውሉና ያጸደቀው የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ሙሉ ገጾቹ
- የስቴት ፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ ማኅተም ያረፈበት የተረጋገጠ ቅጂ
- የልጁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ቪዛውና የመግቢያ ማኅተሙ ያለበት ገጽ ሳይቀር
- ግሪን ካርድ፣ የፊቱም የጀርባውም
- ዜጋ የሆነው ወላጅ ማስረጃ (የአሜሪካ ልደት ሰርተፊኬት፣ የናቹራላይዜሽን ሰርተፊኬት ወይም ፓስፖርት)
- የወላጆች የጋብቻ ማስረጃ፣ ቀድሞ ጋብቻ ከነበረም የፍቺ ወይም የሞት ማስረጃ
- ወላጆች ከተለያዩ ልጁን ማን እንደሚያሳድግ የሚገልጽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ

በቤተሰብ ማመልከቻ የመጣ ልጅ ከሆነ በዚህ ላይ የሁለት ዓመቱን አብሮ መኖር የሚያሳዩ የትምህርት ቤት፣ የክትባትና የኪራይ ወረቀቶች ይጨመራሉ።

የስቴቱን የጉዲፈቻ ውሳኔ የተረጋገጠ ቅጂ ከካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ቢያንስ ሦስት ያውጡ። አንዱ ወደ ፓስፖርት ይሄዳል፣ አንዱ በቀጠሮ ቀን ይታያል፣ አንዱ ቤት ይቀራል። የአዲስ አበባው ዋናው ውሳኔ ከጠፋ ሌላ ለማውጣት ወኪል፣ ውክልናና ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ በተቻለ መጠን በፖስታ የሚጓዘው የስቴቱ ወረቀት ይሁን፤ ዋናው ከቤት አይውጣ።

አማርኛ ወረቀት ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል። «ሙሉ» ሲባል ማኅተሙ ላይ የተጻፈው፣ በእጅ የተጨመረው፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሁሉ ማለት ነው። ከትርጉሙ ሥር ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ በሚገባ እንደሚያውቅና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን ጽፎ ይፈርማል፤ ስሙን፣ አድራሻውንና ቀኑን ያሰፍራል። ኖታሪ ግዴታ አይደለም። ለዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ወላጅ ራሱ ቢተረጉም ክልከላ ባይኖርም፣ ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው ቢሠራው ጥያቄ አያስነሳም።

ቀንና ስም፦ ሐበሻ ፋይል የሚሰናከልባቸው ሁለቱ ጉድጓዶች

የቀን ስህተት ከሁሉም ይበዛል። ልደት ምስክር ወረቀቱ «ጥር 15 ቀን 2002 ዓ.ም.» ይላል እንበል። ተርጓሚው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለተወለደ የሚሠራውን የሰባት ዓመት ልዩነት ወስዶ «ጃንዩዋሪ 2009» ይጽፋል። ትክክለኛው ጃንዩዋሪ 23፣ 2010 ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ልዩነቱ ስምንት ይሆናልና። አንዳንዱ ደግሞ ወሩንም ቀኑንም ሳይነካ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ «ጃንዩዋሪ 15» ብሎ ያልፋል። ቪዛው ላይ አንድ ቀን፣ ትርጉሙ ላይ ሌላ ቀን ካለ መኮንኑ የሚያየው ሁለት የተለያዩ ልጆችን ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያውን ቀን ራስዎ በቀን መቁጠሪያ አስልተው ከቪዛው፣ ከግሪን ካርዱና ከስቴቱ ውሳኔ ጋር ያስተያዩ።

ስም ላይ ችግሩ ሌላ ነው። በእኛ ወግ ልጅ በአባቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይጠራም። አባትየው ተስፋዬ ከበደ ቢባል አሜሪካ ውስጥ «ላስት ኔሙ» ከበደ ነው፤ በጉዲፈቻ የያዘው ሄኖክ ግን በኢትዮጵያ ወረቀቱ «ሄኖክ ተስፋዬ ከበደ» ይሆንና እዚህ ሲገባ ላስት ኔሙ አንዴ ተስፋዬ አንዴ ከበደ ሆኖ ይጻፋል። የእናትየው ደግሞ የአባቷ ስም ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይኖራል። ይህ ሕገወጥ አይደለም፤ ግን መብራራት አለበት። በአንድ ገጽ የኢትዮጵያ ስም አሰያየም እንዴት እንደሆነ፣ የትኛው ስም በየትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ዘርዝረው አያይዙ። የፊደል አጻጻፍ ልዩነትም በዚሁ ይነገር። ዮሐንስን ወይም ኃይሌን በላቲን ፊደል ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይጽፈውም።

ስሙን ለመቀየር ካሰባችሁ ግን የሚሻለው ጊዜ በስቴቱ ፍርድ ቤት ዳግም ማጽደቅ ላይ ነው። ዳኛው በውሳኔው ውስጥ አዲሱን ስም እንዲጽፍ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰርተፊኬትም ፓስፖርትም ያንን ይከተላል።

ፓስፖርቱን ያስቀድሙ

ሕጉ ቅደም ተከተል አያዝም። እኛ ግን ፓስፖርት ይቅደም እንላለን፤ በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል፣ ልጁም ወዲያው ማስረጃ ይኖረዋል። ሰርተፊኬቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ቅጹ ዲኤስ-11 ነው። ፖስታ ቤት ወይም የፓስፖርት ማመልከቻ በሚቀበል ሌላ ቢሮ ቀጠሮ ይያዙ። ቅጹን ሞልተው ይሂዱ እንጂ አስቀድመው አይፈርሙ፤ የሚፈረመው በሠራተኛው ፊት ነው። ልጁ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ልጁም ሁለቱም ወላጆች መገኘት አለባቸው። አንዱ ካልቻለ ዲኤስ-3053 የሚባለውን የፈቃድ ቅጽ በኖታሪ ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው ቅጂ ጋር ይልካል። ይዘው የሚሄዱት የመጨረሻውን የጉዲፈቻ ውሳኔ፣ የልጁን ግሪን ካርድ ወይም ቪዛው ያለበትን የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የወላጁን የዜግነት ማስረጃ፣ የወላጆችን መታወቂያ ከነቅጂው፣ እንዲሁም 2 በ2 ኢንች የሆነ አንድ ፎቶ ነው።

ክፍያው ከ16 በታች ለሆነ 100 ዶላር፣ ከዚያ በላይ 130 ዶላር ሲሆን፣ በሁለቱም ላይ ለሚቀበለው ቢሮ 35 ዶላር ለብቻው ይከፈላል። ከ16 በታች የወጣ ፓስፖርት 5 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የወጣ 10 ዓመት ያገለግላል።

ዋናዎቹ ወረቀቶች ከፓስፖርቱ በተለየ ፖስታ ይመለሳሉ። ፓስፖርቱ ደርሶ ወረቀቶቹ ለጥቂት ጊዜ ቢዘገዩ አትደንግጡ፤ ግን ምን ምን እንደላካችሁ በዝርዝር ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ኤን-600፦ የሰርተፊኬቱ ማመልከቻ ቅጽ

«ፓስፖርት ካለ ሰርተፊኬት ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ፓስፖርት ጊዜው ያልፋል፣ ይሰረቃል፣ ለማደስ ሲሄዱም አንዳንዴ እንደ አዲስ ማስረጃ ይጠየቃል። ሰርተፊኬት ጊዜ አያልፍበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዩኤስሲአይኤስ ራሱ መዝገቡን ከ«ነዋሪ» ወደ «ዜጋ» የሚያስተካክለው በዚህ ነው። ልጁ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ እናንተም ማስረጃ ማቅረብ በማትችሉበት ጊዜ፣ የሚይዘው ይህን ወረቀት ነው።

ከኤፕሪል 1፣ 2024 ጀምሮ በሚሠራው የክፍያ ደንብ፣ ጉዲፈቻው የጸደቀለት ልጅ በዚህ ሕግ መሠረት ኤን-600 ሲያስገባ ክፍያ የለውም። አድጎ ራሱ የሚያመለክትም ቢሆን እንደዚሁ። ለሌላው ሰው በወረቀት 1,385፣ በኦንላይን 1,335 ዶላር ነው። በዋጋው ፈርታችሁ የተዋችሁት ካላችሁ አሁን ተመለሱበት። በምታስገቡበት ቀን ግን ጂ-1055 የሚባለውን የክፍያ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ቅጹን ሲሞሉ፦

ማመልከቻው የልጁ ነው፤ «ስለ እርስዎ» የሚለው ክፍል ውስጥ የሚገባው የልጁ መረጃ ነው። ወላጆች የራሳቸውን ስምና ልደት እዚያ ጽፈው ማበላሸታቸው የተለመደ ነው። የልጁን ኤ-ቁጥር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩን) ከግሪን ካርዱ ይውሰዱ፤ ስምንት አኃዝ ብቻ ካለው ከፊቱ ዜሮ ይጨምሩ። የገባበትን ቀንና የመግቢያ ከተማ ከፓስፖርቱ ማኅተም ላይ ያንብቡ፤ ከትዝታ አይጻፉ። ወላጁ አሜሪካ ውስጥ የኖረባቸውን ዓመታት የሚጠይቀው ክፍል በትውልድ ዜግነት ለሚጠይቁ ነው፤ እዚህ አያስፈልግም። ከ18 በታች ላለ ልጅ ወላጁ ይፈርማል፣ 18 የሞላው ራሱ ይፈርማል።

ማመልከቻው የሚገባው ዜግነቱ ከተገኘ በኋላ እንጂ እየተጠበቀ አይደለም። የአይአር-4 ልጅ የስቴት ውሳኔ በእጁ ሳይገባ ቢያመለክት ውድቅ ይሆናል። ውድቅ የሆነ ኤን-600 ደግሞ እንደሌሎች ቅጾች እንደገና በአዲስ አይገባም። ሁለተኛው ይመለሳል። መንገዱ አይ-290ቢ በሚባለው ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ (ውሳኔው በፖስታ ከመጣ በ33 ቀን) ይግባኝ ወይም እንደገና ይታይልኝ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ክፍያ አለው። ስለዚህ ጎዶሎ ፋይል ቶሎ ከማስገባት የተሟላ ፋይል ዘግይቶ ማስገባት ይሻላል።

ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከመጣ በላዩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን አይራዘምም፤ መልሱም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወር ብሎ ነገር የለም። የተጠየቀውን ሁሉ በአንድ ፖስታ፣ ደብዳቤውን ከላይ አድርጋችሁ ላኩ። በመሐል ቤት ከቀየራችሁ አድራሻውን ወዲያው አሳውቁ።

ፋይሉ ግልጽ ከሆነ ያለ ቃለ መጠይቅ ሊያልቅ ይችላል። ቀጠሮ ከመጣ ልጁ ዋናዎቹን ወረቀቶች ይዞ ከወላጁ ጋር ይቀርባል። 14 ዓመት የሞላው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ከዚያ በታች ያለው ይታለፍለታል።

ሰርተፊኬቱን ሲቀበሉ ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ቆመው ያንብቡት። የስሙ ፊደላት፣ የልደት ቀኑ፣ ዜጋ የሆነበት ቀን። በመጀመሪያ ብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፉት ቀን እዚህ መታየት አለበት። ሰርተፊኬቱን ላሚኔት አያድርጉት።

ሶሻል ሴኩሪቲ፦ ሁሉም የሚረሳው

የልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ የዜጋና የነዋሪ ቢሆን በመልኩ አይለይም። ልዩነቱ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። ልጁ ሲገባ የተመዘገበው እንደ ውጭ ዜጋ ስለሆነ፣ ካልተነገራቸው በቀር እንደዚያው ይቀራል። ቤተሰቡ ይህን የሚያውቀው ልጅቷ የኮሌጅ እርዳታ ለማግኘት ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ስትሞላ ነው። «ዜጋ» ብላ ትሞላለች፣ መዝገቡ «አይደለችም» ይላል፣ እርዳታው ይያዛል። ፓስፖርቱ ወይም ሰርተፊኬቱ እንደደረሰ ኤስኤስ-5 የሚባለውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቅጽ ሞልተው ቢሮው ሄደው የዜግነት ሁኔታዋን ያስተካክሉ። ክፍያ የለውም።

ዕድሜው የተሳሳተ ልጅ

ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ውስጥ የልደት ቀናቸው በግምት የተሞላ ብዙ ናቸው። በጥርስና በአጥንት ምርመራ ልጁ ከወረቀቱ ሁለት ዓመት የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ሆኖ ይገኛል። በጃንዩዋሪ 2014 የወጣ አንድ ሕግ ለዚህ መፍትሔ ሰጥቷል፦ የስቴት ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ስቴቱ የሰጠው የልደት ሰነድ ላይ ያለውን ስምና ቀን ዩኤስሲአይኤስ በሰርተፊኬቱ ላይ መቀበል አለበት። ስለዚህ ቀኑን በመጀመሪያ በስቴቱ ፍርድ ቤት ያስተካክሉ፣ ከዚያ ኤን-600 ያስገቡ። ሰርተፊኬቱ ቀድሞ ከወጣ ወይም ከጠፋ ቅጹ ኤን-565 ነው። አዲሱ ዕድሜ ልጁን በጉዲፈቻው ጊዜ ከተፈቀደው በላይ የሚያደርገው ከሆነ ግን ጠበቃ ሳያዩ አይንኩት።

18 ዓመት ካለፈው

ከ18 በፊት መስፈርቱን ያሟላ ሰው ዜግነቱ አይሻርም። በማንኛውም ዕድሜ ኤን-600 ማስገባትም ፓስፖርት ማውጣትም ይችላል። ኤን-400 ግን አያስገባ፤ ዜጋ የሆነ ሰው ዜጋ ልሁን ብሎ ማመልከት ስለማይችል ውድቅ ይሆናል። ጊዜው ያለፈ ግሪን ካርድ ይዞ እንዳይደናገጥም ይነገረው፤ ዜጋ ስለሆነ የሚያድሰው ነገር የለም።

ወላጆቹ የሞቱበት ወይም ከወላጆቹ ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠ ሰው ወረቀት ከየት ያመጣል? ዩኤስሲአይኤስ ዘንድ ያለውን የራሱን ኤ-ፋይል (የኢሚግሬሽን ፋይሉን) በኦንላይን መጠየቅ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። በዚያ ውስጥ የአዲስ አበባው የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የወላጁ የዜግነት ማስረጃና የቪዛ ማመልከቻው ቅጂዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የስቴቱን ውሳኔ ደግሞ ጉዲፈቻው ከጸደቀበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ይጠይቃል።

ቤተሰቡ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ከሆነ

ወላጁ አሜሪካዊ ሆኖ በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በአዲስ አበባ የሚሠራ፣ ልጁም እዚያው የሚኖር ከሆነ እስካሁን የተባለው አይሠራም። ቅጹ ኤን-600ኬ ነው። ወላጁ አሜሪካ ውስጥ በድምሩ 5 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ 2ቱን 14 ዓመት ከሞላው በኋላ የኖረ መሆን አለበት፤ እሱ ካልሞላ የወላጁ ወላጅ ዓመታት ይታያሉ። ልጁ በሕጋዊ ቪዛ ወደ አሜሪካ ገብቶ ቃለ መጠይቁን የሚያደርገውና ቃለ መሐላውን የሚፈጽመው 18 ሳይሞላው ነው። እዚህ ማመልከቻውን ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ጉዳዩ ከልደቱ ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ስለዚህ 16 ዓመት ሲሞላው ጀምሩ።

የኢትዮጵያውን ወረቀት አይጣሉ

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘና በዚያ መብት የሚጠቀም ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ልጁ አድጎ የተወለደበትን ቀዬ ልይ፣ ዘመዶቼን ልፈልግ ሲል ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ በሩን ይከፍትለታል። ለዚያ የሚጠየቀው ቀድሞ ኢትዮጵያዊ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ጊዜው ያለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከአሜሪካው ሰርተፊኬት ጋር እሳትና ውኃ በማይደርስበት አንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። ስካናቸው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑር፤ የሳጥኑ ቁልፍም 18 ዓመት ሲሞላው ለባለቤቱ ይሰጥ።